የአውቶሞቲቭ ክበብ፦ ከመድፋት በፊት መቅዳት

በ2017 ዓ.ም. የክበባችን አባላት ጎማ ፈትተዋል፣ ካንዴላ አጽድተዋል፤ ብዙውን ቅዳሜ የወሰደው ግን የራዲያተር ውሃ ነው። ውሃው ሲቆሽሽ ደፍቶ አዲስ መሙላት የተለመደ ነው። የተደፋው ግን ማስረጃው ነበር።

ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ (ትኩስ ክዳን መክፈት በክበቡ ክልክል ነው) ከራዲያተሩ አፍም ከታችኛው መክፈቻም ለየብቻ ይቀዳል። በሚያሳይ ጠርሙስ እስከ ማግስቱ ሳይነካ ይቀመጣል። ዘይት ስለሚንሳፈፍ ከሥር ብቻ የቀዳ ላያገኘው ይችላል፤ ዝገትና ደለል ይዘቅጣሉ። ዝቃጩ ደርቆ ማግኔት ሲጠጋው ጥቁሩ ዝገት ይሳባል። ከጣና በጀሪካን ከተቀዳ ውሃ ጋር የገባ ደለል በአብዛኛው አይሳብም፤ ቀዩ ዝገትም እምብዛም ስለማይሳብ «አልተሳበም፣ እንግዲያው ጭቃ ነው» ማለት አይቻልም። ነጭ ቅርፊት ላይ አቼቶ ጠብ ሲደረግ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው።

ማኪያቶ የመሰለ ውሃ የሞተር ዘይት ገብቶበታል። ሮዝና ወተት መሰል ከሆነ ደግሞ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ እዚያው ራዲያተሩ ውስጥ ነው። ጥርት ያለ ሮዝ ግን ራሱ ኩላንቱ (ከውሃው ጋር የሚቀላቀለው ባለ ቀለም ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሊሆን ይችላል።

የሞተር ዘይት ሲታይ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተር ክፍል) ለማውረድ መቸኮል ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ከውሃው ይበልጣል፤ ስለዚህ የሞተሩ ዘይት ማቀዝቀዣ ሲቀደድ ዘይቱ ወደ ውሃው ይገፋል። የሞተሩ ዘይት ንጹሕ ሆኖ ውሃው ብቻ ዘይት ከያዘ፣ ማቀዝቀዣ ባለው ሞተር መጀመሪያ እሱ ይፈተሻል።

አረፋም ያሳስታል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ጥፋቱም በጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ባለው ማሸጊያ) ይላከካል። በቀዝቃዛ ሞተር፣ ውሃው ሞልቶ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩ ሲነሳ አረፋው ካላቋረጠ ግን መፍላት አይደለም፤ ከሲሊንደር የሚገባ ጋዝ ነው። ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በመፈተሻ ፈሳሽ ውስጥ በማሳለፍ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ጋዙ ካለ ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ራሱ ውሃው ወደ መፈተሻው ከተሳበ ውጤቱ ስለሚበላሽ ቀድሞ ከአፉ ትንሽ ይቀነሳል።

እጥበቱን በሒሳብ አየነው። 6 ሊትር ከሚይዝ ሞተር 4ቱ ብቻ ወጥቶ በንጹሕ ውሃ ቢተካ ከቆሻሻው አንድ ሦስተኛው ይቀራል፤ በሁለተኛው አንድ ዘጠነኛ፣ በሦስተኛው አንድ ሃያ ሰባተኛ። በየመሃሉ ተርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) እስኪከፍት ካልሞቀ ግን በብሎኩ፣ ማለትም በሞተሩ አካል፣ ውስጥ ያለው ውሃ አይቀላቀልም፣ ሒሳቡም አይሠራም። ዘይት ለዚህ ሒሳብ አይገዛም፤ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። አስቀድሞ ከላይ ይቀዳል፣ ከዚያ አረፋ በማይበዛው ሳሙና ይታጠባል። ዘይት ጠጥተው ያበጡ የጎማ ቱቦዎች ግን ታጥበው አይድኑም፤ ይቀየራሉ። በመጨረሻ ኩላንትና ውሃ እኩል በእኩል እንዲሆኑ፣ ሞተሩ ውስጥ 2 ሊትር ውሃ ስለሚቀር፣ 3 ሊትር ኩላንትና 1 ሊትር የተጣራ ውሃ ይጨመራል።

ለ2018 ክዳን ያላቸው ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ያስፈልጉናል፤ የለስላሳ ባይሆኑ ይመረጣል፣ ቅሪቱ ናሙናውን ያበላሻል።