ስለ አክስትሽ በር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ሽሮውና በርበሬው ተፈጭቶ አልቋልና በሚመጣው ሳምንት ይደርስሻል። ለሥነ ጥበብ መመረቂያ ሥራሽ የአክስትሽን የተቃጠለ በር ከዳባት አስጭኜ አዲስ አበባ እንድልክልሽ በስልክ ለጠየቅሽኝ፣ መልሱን በስልክ መስጠት አልወደድሁም። ነገሩ ሳንቃ መኪና ላይ ከመጫን የከበደ ስለሆነ፣ የላክሽልኝን የአርቲስቶች ፎቶግራፍና ጽሑፍ ደጋግሜ ካየሁ በኋላ፣ የሚሰማኝን ተቀምጬ ልጽፍልሽ ወሰንሁ።

አባትሽ ጉልበቱን የጨረሰው በፈረሰ ነገር መካከል እንደሆነ ታውቂያለሽ። በፋሲል ግቢ እድሳት ላይ ከድንጋይ አቀባይነት እስከ ግንበኞች አለቃነት ስሠራ የተማርሁት ትልቁ ነገር፣ ፍርስራሽ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው። ጎብኚው የታላቁን የዐፄ ኢያሱን ግንብ ጣሪያ አልባ ሆኖ ሲያየው «ዘመን አፈረሰው» ብሎ ያልፋል። ዘመን ግን ብቻውን ግንብ አያፈርስም። ያን ግንብ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ አናጋው፤ ኋላም ኢጣልያኖች በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጃቸውን እስከሰጡ ድረስ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ቦምብ ጎዳው። የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት በ1859 ዓ.ም. ያቃጠሉት የራሳችን ንጉሥ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ፤ ከእርሳቸው እሳት የተረፈውን ደግሞ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከሱዳን መጥተው አነደዱት። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች ጠብቀው አተረፉት እየተባለ ሲተረክ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሻል። እያንዳንዱ ስንጥቅ የራሱ ዓመትና የራሱ አድራጊ አለው።

ዛሬ በዚያ ፍርስራሽ ፊት ሙሽሮች ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ እኔም አልቃወምም። ያ ሁሉ ሲነድድ ቆመው ያለቀሱት ሰዎች አልፈዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውም አልፈዋል። የአክስትሽ ቤት የተቃጠለው ግን በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በዚያ የጦርነት ክረምት ነው። እስከ ዛሬ ድረስ «ፍርስራሽ» ስትለው ሰምቻት አላውቅም፤ ግድግዳው ወድቆና አረም በቅሎበትም «ቤቴ» ነው የምትለው። አንቺ በስልክ «ፍርስራሹ» ስትዪ ጆሮዬን የቆረቆረኝ ስለዚህ ነው።

ከላክሽልኝ ሰዎች መካከል ጀርመናዊውን ሠዓሊ አንሰልም ኪፈርን ብዙ አየሁት። እ.ኤ.አ. በ1945፣ በአውሮፓ ጦርነቱ ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው ተወልዶ፣ በቦምብ ከፈረሱ ቤቶች በወደቀ ጡብ እየተጫወተ ያደገ ሰው ገለባና አመድ፣ እርሳስም ጭምር ሸራ ላይ ቢለጥፍ አይደንቀኝም፤ የአገሩ ሰዎች ያደረጉትን ሊረሱ በፈለጉበት ጊዜ አልረሳም ማለቱንም አከብርለታለሁ። ነገር ግን የሥዕሎቹ ግርማ ስለያዘኝ፣ በውስጣቸው የሚታየው የማን ቤት እንደነበረ መጠየቅን ረሳሁ። ለአክስትሽ በር የምፈራው ይህንኑ ነው። በነጭ ግድግዳ ላይ፣ መብራት በርቶለት ሲሰቀል ከሰሉ ያምራል፤ ሰውም ማማሩን አይቶ ይሄዳል።

ማይክል ራኮዊትዝ ይልቅ ወደ ልቤ ቀረበ። በየዓመቱ ጾሟን በምንጾምላት በነነዌ ከተማ በር ላይ የቆመውን የሰው ራስ ያለው ክንፋም በሬ እ.ኤ.አ. በ2015 ታጣቂዎች ሲሰባብሩት፣ ከኢራቅ የተሰደዱ አይሁዳውያን የልጅ ልጅ የሆነው ይህ ሰው ከ10,000 በላይ ባዶ የተምር ሽሮፕ ቆርቆሮዎችን ሰብስቦ መልሶ ሠራውና እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ውስጥ ትራፋልጋር አደባባይ ላይ አቆመው። ድንጋይ አስመስሎ ሊሠራው ይችል ነበር፤ ቆርቆሮውን የመረጠው ግን የኢራቅ ጦርነት ከሐውልቱ ጋር የተምሩን እርሻና ንግድ፣ የገበሬውንም ኑሮ ስለጎዳ ነው። የጠፋው ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ሥራው ራሱ ይናገራል።

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሣችኝ ግን ኮሎምቢያዊቷ ዶሪስ ሳልሴዶ ናት። በአገሯ መንግሥትና ፋርክ የተባለው የታጣቂዎች ድርጅት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተዋግተው እ.ኤ.አ. በ2016 የሰላም ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ፣ ከታጣቂዎቹ እጅ የተረከቡትን መሣሪያ አቅልጠው መታሰቢያ እንድትሠራበት ሰጧት፤ 37 ቶን ብረት። ሌላ ሰው ቢሆን ሰማይ የሚነካ ሐውልት ያቆም ነበር። እርሷ ቦጎታ ከተማ ውስጥ የአንድ አሮጌ ቤት ቅሪት ሳይነካ እንዲቆም አድርጋ፣ በዙሪያው አዲስ ቤት ሠርታ፣ ብረቱን ወለል አደረገችው፤ የመጣ ሁሉ እንዲረግጠው። ከዚህም በላይ የገረመኝ የወለሉ አሠራር ነው። በጦርነቱ ወቅት የተደፈሩ ሴቶችን ጠርታ መዶሻ ሰጠቻቸው፤ እነርሱም የብረት ዝርግ ላይ ያላቸውን ቁጣ ሁሉ ቀጠቀጡበት፤ የወለሉ ንጣፍ የተቀረጸው በእነዚያ የመዶሻ ምቶች ነው። ልጄ ሆይ፣ አስተውዪ፤ ከሴቶቹ ታሪካቸውን ወስዳ አልሄደችም፤ እጃቸው ራሱ ሥራው ውስጥ ገባ። ወለሉን የሚረግጥ ሰው የእነርሱን ምት ይረግጣል።

ከእኛም ከበደች ተክለአብን ታውቂያታለሽ፤ በሶማሊያ ወደ ዐሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር አሳልፋ የወጣች ሠዓሊና ገጣሚ ናት። ያን እስር ብትሥል የሥዕሉ ባለቤትም የመከራው ባለቤትም እርሷው ናት። አንቺ ግን በዚያ ክረምት አዲስ አበባ ነበርሽ። ይህን ስል ልወቅስሽ አይደለም፤ እንኳንም እዚያ ሆንሽ። ቢሆንም የሌላ ሰው የሆነውን ነገር ልትሠሪበት ነውና መንገድሽ ከእርሷ ይለያል።

ስለ ሙያዬ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በኢጣልያ ጊዜ ግንቡን የጠገኑት በሲሚንቶ ነበር፤ ኋላ የመጡ ጠጋኞች ያን እያነሡ በኖራ ተክተውታል። ምክንያቱም ማያያዣው ከድንጋዩ የላላ መሆን አለበት፤ ግንቡ ሲንቀሳቀስ መሰንጠቅ ያለበት ኖራው እንጂ ድንጋዩ አይደለም፤ እርጥበቱም የሚወጣው በኖራው ነው። ሲሚንቶ ግን ጠንካራ ነኝ ብሎ እርጥበቱን ያፍነውና ድንጋዩን ያስበላዋል። በወጣትነቴ ደግሞ የጎደለን ማዕዘን ከጥንቱ እስከማይለይ ድረስ አመሳስዬ ሠርቼ ስኮራ፣ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አፍርሰህ እንደገና ሥራው አሉኝ፤ «የእነርሱና የአንተ ካልተለየ ዋሽተሃል» ብለው። ስለ ቅርስ ጥገና እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ የቬኒስ ቻርተርም፣ የተተካው ክፍል ከጥንቱ ተስማምቶ ግን ተለይቶ ይታወቅ እንደሚል ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በአንቺም ሥራ ላይ የአክስትሽ የሆነው የአክስትሽ፣ ያንቺ የሆነው ያንቺ ሆኖ ይታይ እላለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳባት ሄጄ ነበር። በሩ እንዳሰብሽው ፍም ላይ እንደወደቀ አልተተወም፤ አክስትሽ የተረፈውን ግማሹን ቆርጣ የጥጃ በረት ዘግታበታለች። ጥያቄሽን ስነግራት «ምን ልታደርገው?» አለችኝ፤ በደንብ ልመልስላት አልቻልሁም። ከዚያ እጄን ይዛ ወሰደችኝና የሳንቃውን የውስጥ ገጽ አሳየችኝ። ባሏ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በየዓመቱ ጎተራ የገባውን እህል በሚስማር እየጫረ ይቆጥርበት ነበር፤ ጭረቶቹ ከሰሉ ሥር አሁንም አሉ። የትኛው የጤፍ፣ የትኛው የገብስ፣ የትኛው ዓመት አንበጣ የመጣበት እንደሆነ በጣቷ እየዳሰሰች ነገረችኝ። እኔ ሳየው ቁጥሩ የማይታወቅ ጭረት ብቻ ነበር። ይህን በር ያለ እርሷ ብትወስጂው፣ ጽሑፉን ትተሽ ወረቀቱን እንደ መውሰድ ይሆንብሻል።

አልከለከለችሽም። «ራሷ ትምጣ፤ ጥቂት ቀን ትደር፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ብላለች። መቅረጸ ድምፅሽን ብትይዢ አትቃወምም፤ ፎቶግራፍ ማንሣቱን ግን እዚያው ጠይቂያት። ጥጃው ሜዳ እንዳያድር ምትክ በር ያስፈልጋልና፣ እግረ መንገድሽን እኔ ጋ ስታልፊ የዋንዛ ሳንቃ አብረን እንገጥማለን። ልኩን ወስጃለሁ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ10፣ ወርዱ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ማጠፊያው በግራ በኩል።

አባትሽ
ከጎንደር