ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ለጥፉልን፦ ለሥራና ሥልጠና መምሪያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ሥራና ሥልጠና መምሪያ
ደብረ ማርቆስ
ለምዕራብ ጎጃም ዞን ሥራና ሥልጠና መምሪያ
ፍኖተ ሰላም

ጉዳዩ፦ የግማሽ ቀን ሥራ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት አሠሪው አንድ ገጽ ቅጽ እንዲሞላ ስለመጠየቅ

ክቡራን የመምሪያ ኃላፊዎች፣

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ፣ በየሰሌዳውና በየመብራት እንጨቱ የሚለጠፈው የግማሽ ቀን ሥራ ወረቀት ቃሉ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ፓርት ታይም ሠራተኛ እንፈልጋለን። ጾታ ሴት። ደመወዝ በስምምነት። ተያዥ ማቅረብ የምትችል።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ስንት ሰዓት ተገብቶ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ የለም፤ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነም የለም።

ከወላጆቹ ጋር ለሚኖር ወጣት ይህ ይበቃው ይሆናል። ልጇን ለብቻዋ ለምታሳድግ እናት ግን (አባቶችም አሉ፣ ቁጥራቸው ቢያንስም) ለመወሰን የሚያስፈልጋት ነገር ሁሉ ከወረቀቱ ላይ የጎደለው ነው። ዕድል ቀንቷት በአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ «ነይ ጀምሪ» ስትባል በእጇ ያለው መረጃ በስልክ የተነገራት የደመወዝ መጠን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ትመርጣለች፤ ብዙ ጊዜም የምትሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ይህን የምንጽፍላችሁ የሥራ ውል ስናነብና ለሌሎች ስናስረዳ የምንውል ሰዎች ነን። የምንለምናችሁ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ አንድ ገጽ ቅጽ ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ስሌት እናሳያችሁ። ብሩ ለማሳያ የተቀመጠ ነው፤ የየከተማው ዋጋ ይለያያል።

አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ያላት እናት ሁለት ሥራ ቀረበላት እንበል። አንደኛው ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ማውጣት ነው፤ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ 3,200 ብር። ሁለተኛው ሆቴል ውስጥ ዕቃ ማጠብ፤ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ 4,000 ብር፣ ከእራት ጋር። በወረቀት ላይ ሆቴሉ በ800 ብር ይበልጣል፤ ያውም ቀኑ ያነሰ።

አሁን እንቀንስ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ይከፈልበታል። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል። ከክሊኒኩ 180 ብር ግብርና 224 ብር ጡረታ ሲነሳ 2,796 ይቀራል። ከሆቴሉ 300 እና 280 ሲነሳ 3,420። እስካሁን ሆቴሉ እየመራ ነው።

ምሽት 3 ሰዓት ላይ ግን በእግር ወደ ቤት የሚሄድ የለም። የኮንትራት ባጃጅ በ50 ብር ቢታሰብ ለ22 ቀን 1,100 ብር ይሆናል። ልጇ ከትምህርት ቤት መጥታ እናቷ እስክትመለስ ከጎረቤት ልጅ ጋር ትቆያለች፤ ለእሱም በወር 700 ብር እንበል። 1,620 ብር ቀረ። ክሊኒኩ ጠዋት ስለሆነ በእግር ይኬዳል፤ ልጇም በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ናት። የትምህርት ቤቱ ፈረቃ በየ15 ቀኑ የሚዞር ከሆነ ግን በወሩ ግማሽ ልጇ ጠዋት ቤት ትውላለችና 350 ብር ለጠባቂ ይወጣል፤ 2,446 ይቀራል። በ800 ብር ያነሰው ሥራ በ826 ብር በለጠ ማለት ነው።

በሰዓት ሲመነዘር ልዩነቱ ይብሳል። ክሊኒኩ ከመንገዱ ጋር በወር 121 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በሰዓት 20 ብር ገደማ። ሆቴሉ መንገዱና የመዝጊያው ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 132 ሰዓት ነው፤ 12 ብር ገደማ። እራቱ ደግሞ እሷን እንጂ ቤት ያለችውን ልጅ አያጠግብም። «ቲፕ አለው» የሚባለውም ለአስተናጋጁ እንጂ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ድረስ አይዘልቅም።

አያት አብራት የምትኖር ቢሆንና ሆቴሉ ሠራተኞቹን በሰርቪስ የሚያደርስ ቢሆን ግን ውጤቱ ይገለበጣል፤ ጠባቂም ባጃጅም ስለማይከፈል ሆቴሉ 624 ብር ይበልጣል። የትኛው ሥራ ይሻላል ለሚለው ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። መልሱን ለማግኘት ግን ወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበት ነገር አለ።

«የመዝጊያው ግማሽ ሰዓት» ያልነውን በቅርብ እንየው፤ ጭቅጭቅ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ውሉ እስከ 3 ሰዓት ይላል። የመጨረሻው ተስተናጋጅ 3 ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሒሳቡን ከፍሎ ይነሳል። ሳህኑ ገና ወደ ማጠቢያው እየገባ ነው፤ መጥበሻው ላይ የረጋው ቅባት ሙቅ ውኃ ይፈልጋል፤ ወለሉ አልተወለወለም። 3 ተኩል ሲሆን ነው ፎጣው የሚሰቀለው። በወር 11 ሰዓት ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚያዘው ከመደበኛው የቀን ሥራ ሰዓት ላለፈ ሥራ ነው፤ በቀን ክፍለ ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ። የመደበኛው ሰዓት ጣራ በቀን 8 በሳምንት 48 ስለሆነ፣ 5 ሰዓት ተቀጥራ 5 ተኩል የሠራችን ሴት አሠሪው «8 አልሞላሽም፣ ምን ትርፍ ሰዓት አለሽ?» ይላታል። ክርክሩን ፍርድ ቤት ድረስ የምትወስድበት ጊዜ የላትም። መፍትሔው ውሉ ላይ አንዲት መስመር ናት፦ ከተባለው ሰዓት በላይ ለሚሠራ እያንዳንዱ ሰዓት ይህን ያህል ብር ይከፈላል።

የሙከራ ጊዜውም እንዲሁ የግማሽ ቀን ሠራተኛን ያጠምዳል። አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 10 ሳምንት ነው። በሳምንት 3 ቀን የሚሠራውን ግን አንዳንዱ አሠሪ የሠራበትን ቀን ብቻ እየቆጠረ 20 ሳምንት ያደርስበታል፤ አምስት ወር ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ደግሞ ለሥራው አልተስማማም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። ስለዚህ «60 ቀን» ብሎ ከመጻፍ የሚያልቅበትን ቀን መጻፍ፦ ታኅሣሥ ይህን ያህል ቀን 2018 ዓ.ም. ብሎ።

ተያዥ ያልነው ነገር ደግሞ ብዙዎችን ከበሩ የሚመልስ ነው። ከገጠር መጥታ ከተማ የገባች፣ ዘመዶቿ ሁሉ ገበሬ የሆኑ እናት ደመወዝተኛ ተያዥ ከየት ታመጣለች? ለካሸር መጠየቁ ይገባናል፤ ለዕቃ አጣቢ መጠየቁ ግን ምን ጠፍቶ ሊተካ እንደሆነ አይገባንም። የተያዡ ግዴታ እስከ ስንት ብር እንደሆነ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ እንደሌለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1922 ይናገራል። ይህን ብታውቅ «ላልታወቀ ዕዳ አልፈርምም» ያላትን አጎቷን ደግማ ለመጠየቅ ድፍረት ታገኝ ነበር። ካሸሯ የያዘችው ገንዘብ ሲጎድልም በአንድ ጊዜ ከደመወዝ የሚቆረጠው በጠቅላላው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይከለክላል።

ሌላው የወቅት ነገር ነው፤ የጎጃምን ዓመት የሚያውቅ ሰው ሊዘነጋው አይገባም። በጥቅምት የተመቸ ሥራ በሐምሌ ይፈርሳል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ዝናቡ ወርዶ፣ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላልና። የምግብ ቤት ሥራ በሁዳዴ 55 ቀን ይቀዘቅዛል፤ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ መጀመሪያ «ትንሽ ዕረፊ» የሚባለው የግማሽ ቀኑ ሠራተኛ ነው። ከዚያ ለፋሲካ ማግስትና ለሠርግ ሰሞን ያው ሠራተኛ እስከ ሌሊት ይፈለጋል። መንገድ ሲዘጋ ወይም ባጃጅ ከዚህ ሰዓት በኋላ እንዳይንቀሳቀስ ሲታዘዝም ምሽት የምትሠራው እናት ወይ ደመወዟን ወይ ልጇን ትመርጣለች። አሠሪው ሁለት ነገር ቢጽፍ ይበቃናል፦ በዓመቱ ውስጥ ሰዓት የሚቀንስበትና የሚጨምርበት ወር የትኛው ነው፤ የሰዓት ገደብ ሲታወጅስ ቀደም ብላ መውጣት ትችላለች ወይ።

ልጅ ሲታመምስ? ትኩሳት የያዘው ልጅ ሲኖር ሕጉ ብዙ አያግዝም። ለተለየና ከባድ ሁኔታ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ እሱም በበጀት ዓመቱ ከ2 ጊዜ አይበልጥም፤ ልጅ ግን በዓመት ሁለቴ ብቻ አይታመምም። በተግባር የሚያድነው ፈረቃ መቀያየር ነው። በአንድ ሥራ ላይ ሁለት የግማሽ ቀን ሠራተኞች ካሉ ጠዋትና ከሰዓት ይለዋወጣሉ፤ አንድ ብቻ ከሆነች የሚተካት የለም። ስለዚህ «ይህን ሥራ ስንት ሰው ይሠራዋል?» የሚለው ጥያቄ ከ200 ብር ጭማሪ ይበልጣል። እንዲያውም በድርድር ላይ ደመወዝ ከማስጨመር ይልቅ የመግቢያ ሰዓትን ሩብ ሰዓት ማስገፋት ይቀላል፤ ልጇን ትምህርት ቤት በር አድርሳ 2 ሰዓት ከሩብ የምትገባ ሠራተኛ በየቀኑ ከማርፈድ ትድናለች፣ አሠሪውም ከመቆጣት።

ብዙ የግማሽ ቀን ሥራ ደግሞ ተመላላሽ ነው፤ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ፣ እንጀራ መጋገር። ለግል አገልግሎት የሚደረግ ቅጥር አዋጅ 1156 አይመለከተውም። ከሆቴል ጋር ስትነጻጸር አንድ ዓይነት ደመወዝ ያላት ሥራ በሕግ ፊት አንድ አይደለችም ማለት ነው። መጥፎ ናት አላልንም፤ ልጅ ይዞ መግባት የሚፈቀድባት ብቸኛ ሥራ እሷ የምትሆንበት ጊዜ አለ። ሲመረጥ ግን ታውቆ ይመረጥ።

እንግዲህ ቅጹ። አሠሪው የግማሽ ቀን ሥራ ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ሲመጣ እነዚህን ይሙላ፦ የመግቢያና የትክክለኛ መውጫ ሰዓት፣ ማጽጃውና መዝጊያው ተጨምሮ፤ በሳምንት የትኞቹ ቀናት፤ ጠቅላላ ደመወዝና የመጀመሪያው ክፍያ የሚፈጸምበት ቀን፤ ከሰዓት በላይ ለሚሠራ የሚከፈለው፤ የሙከራ ጊዜው የሚያበቃበት ቀን፤ ጡረታ መመዝገቡ፤ ተያዥ ካስፈለገ እስከ ስንት ብር፤ ምሽት ከሆነ መጓጓዣ፤ ሥራውን የሚጋራ ሌላ ሠራተኛ መኖሩ። «ደመወዝ በስምምነት» የሚለው ሐረግ ቢያንስ መነሻ ብር ሳይጻፍበት እንዳይለጠፍ። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት አገር ስምምነቱ ከማን ወገን እንደሚያደላ ሳትገምቱት አትቀሩም።

አሠሪዎች «ቢሮክራሲ» ሊሉ ይችላሉ። ሰዓቱን ሳያሳውቅ የቀጠረ አሠሪ ግን በሁለት ወሩ ሌላ ሠራተኛ ፈላጊ ነው፤ በቅጹ እሱም ይቆጥባል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች እንጨምር። «ዛሬውኑ ወስኚ» የሚባለው ይቅርና ሥራ የቀረበለት ሰው ለመልስ 3 የሥራ ቀን ይሰጠው፤ ጠባቂ ለመፈለግ፣ የትምህርት ቤቱን ፈረቃ ለመጠየቅ ከዚህ ያነሰ አይበቃም። ከትምህርት መምሪያ ጋር ተነጋግራችሁም፣ የሥራ ውል ይዞ ለመጣ ብቸኛ ወላጅ የልጁ ፈረቃ ሳይዞር ለአንድ ወሰነ ትምህርት እንዲጸናለት ብታደርጉ፣ በላይኛው ስሌት 350 ብር በየወሩ ታተርፉለታላችሁ። ዕድሜያቸው ለቅድመ አንደኛ ያልደረሰ ልጆች ጉዳይ፣ የማቆያው ነገር፣ ለብቻው ደብዳቤ ይፈልጋል።

የቅጹን ረቂቅ በአንድ ገጽ አዘጋጅተን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። ጽሕፈት ቤቶቻችሁ እንዳሻቸው ያርሙት።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ
ለምዕራብ ጎጃም ዞን ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ
ለሁለቱም ዞኖች ትምህርት መምሪያዎች