35 ከየት መጣ?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ስለ ሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችሽ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጎን ለጎን የሚቀመጡት ልጆች 42 ሲቀነስ 17ን 35፣ 63 ሲቀነስ 28ን ደግሞ 45 ብለው በመጻፋቸው «ተኮራርጀዋል» ብለሽ ተቆጣሻቸው። እባክሽ ልጄ፣ ፍርዱን ጥቂት አቆዪው።

ፕሮግራም ስጽፍ በኖርኩባቸው ዓመታት ኮምፒውተር ሰንፎ ሲሳሳት አላየሁም። የተሳሳተ ውጤት የሚያወጣው እኔ የሰጠሁትን የተሳሳተ ትእዛዝ በታማኝነት ሲፈጽም ነው። ስለዚህ ውጤቱን ትቼ ትእዛዙን መስመር በመስመር እከተላለሁ። በ1978 እ.ኤ.አ. ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በልጆች የመቀነስ ስሌት ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ብዙ ስሕተት ልጁ የያዘውን ጎዶሎ ደንብ ሳያዛንፍ ሲከተል የሚመጣ ነው። ባጊ የተባለው ፕሮግራማቸው እንደ ተሳሳተ ልጅ ይቀንስ ነበር፤ የመምህርነት ሠልጣኞች ደግሞ ጥያቄ እየሰጡት የተደበቀውን ደንብ ይፈልጉ ነበር። እርግጥ ድካምና መዘንጋትም አለ።

አሁን የልጆችሽን 35 እንከተለው። አንዱ ልጅ «ከ2 ላይ 7 አይነሳም» ብሎ ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀንሶ ይሆናል፦ 5። ሌላው ከአሥር ቤት ተበድሮ 12 አደረገና 7 ቀነሰ፤ እርሱም 5። ነገር ግን አበዳሪውን 4 ወደ 3 ማውረድ ረሳ። ሁለቱም 35 ላይ ደረሱ! 63 ሲቀነስ 28ንም ሞክሪው፤ በሁለቱም መንገድ 45 ይወጣል። ሳይኮራረጁ፣ በተለያየ ስሕተት፣ አንድ መልስ። ጥያቄዎችሽ ሁለቱን መለየት አልቻሉም፤ በእኛ ሙያ ይህ የፈታኙ ጉድለት እንጂ የተፈታኙ አይደለም።

መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ገልባጩ የአሥር ቤት ምን እንደያዘ ገና አልገባውም፤ አሥር አሥር የታሰረ ጭራሮ አምጪና እስሩን በእጁ ይፍታው። ለሁለተኛው 4ን ሰርዞ 3 መጻፍ ማስለመድ ይበቃል። ቀይ ኤክስ ግን ለአንዳቸውም ምንም አይነግራቸውም። እኔ ልጅ ሳለሁ ደብተሬ በኤክስ ሲሞላ «እንዴት እዚህ ደረስክ?» ያለኝ መምህር አልነበረም። አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ክፍልፋይ ያን ያህል ዓመት ባላስፈራኝ ነበር። አንቺ ጠይቂያቸው።

ነገ 61 ሲቀነስ 28ን ለየብቻ ስጫቸው። የሚገለብጠው 47፣ ማውረድ የሚረሳው 43 ይጽፋል። መልሳቸው ከተለያየ፣ ስለ ቁጣሽ በክፍሉ ፊት ይቅርታ በያቸው፤ የተቆጣሻቸው በክፍሉ ፊት ነውና። እኔም ሆንኩ አንቺ ያላሰብነው ቁጥር ከመጣ ደግሞ እንዳታስጠፊው፤ ገጹን እንዳለ በስልክሽ አንስተሽ ላኪልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ