የሚያታዬ ቁመትና የተጨፈለቀው ወለሏ፦ ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ የቀረበ ቅሬታ

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፦ በ1990 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ መኪናዬ ላይ የተሠራው ሥራ እንዲታረምና ለደረሰው ጉዳት ካሳ እንዲከፈለኝ ስለመጠየቅ

ጋሼ፣ በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሁለት ጊዜ ደውዬ “እናየዋለን” ከመባል በቀር የረባ መልስ ስላላገኘሁ ነገሩን በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። የቤታችንን ቶዮታ ለዓመታት ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ሠርታችሁልናል። ባለቤቴ “ያቺ ጫማ” የምትላትን ትንሿን መኪናዬንም ወደ እናንተ ያመጣኋት በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጣችው የብራቾ ጎሚኒዎቿ፣ ማለትም ጎማዎቿን ከአካሏ ጋር በሚያያይዙት ክንዶች መገጣጠሚያ ላይ ያሉት ላስቲኮች፣ በሙሉ እንዲቀየሩ ነበር። ፋብሪካ ከወጡ ጀምሮ ያልተነኩ ስለነበሩ ግማሾቹ ተሰነጣጥቀው፣ ጉድጓድ በነካች ቁጥር ቋ ቋ ይሉ ነበር። ቁልፉን ሳስረክብ ለተቀበለኝ ልጅ ሁለት ነገር ነገርኩት፤ በወረቀት ጽፌም መሪው ላይ ለጠፍኩለት። አንደኛው፣ ዝቅ ያለች ስለሆነች የሊፍቱ ክንድ ከሥሯ አይገባም፤ መጀመሪያ ጎማዎቿን ጣውላ ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ የጎሚኒዎቹ ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማ ክብደቷን ስትሸከም ነው። “ወንድሜ፣ አታስብ፤ ስንቱን ስፖርት መኪና አንስተናል” አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ልወስዳት ስመጣ መኪናዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ጠበቀችኝ። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሦስት ጣት ይገባ የነበረበት ቦታ መዳፌን በሙሉ ዋጠው። ልጁ “አዲስ ጎሚኒ ሲገባላት ሞላዋ ነፍስ ዘራ” አለኝ። ጋሼ፣ ሞላ ሊጥ አይደለም፤ አድሮ አይነፋም። ሞላ አርጅቶ ቁመቱ ቢለወጥ ወደ ታች ነው።

በዓይን ግምት እንዳልከስዎ ለክቼ ነው የምጽፈው። ከእናንተ ዘንድ ከማምጣቴ በፊት በነበረው ምሽት የለካሁት ስለነበረኝ ሁለተኛውንም በዚያው ቦታና በዚያው መንገድ አደረግሁት። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቼ አራቱ ጎማዎች የሚያርፉበት ወለል ደልዳላ መሆኑን አየሁ። የጎማ አየሩን በሩ ላይ እንደተጻፈው 26 ፒኤስአይ አድርጌ፣ ነዳጁን ሞልቼ፣ በሾፌሩ ወንበር ላይ በሰው ክብደት ፋንታ ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ስድስት ከረጢት ጫንኩ (ዱቄቱ የእናቴ ነው፤ ጠይቃኝ ምን እንደምመልስላት ጠፍቶኝ ነበር)። ከዚያ መኪናዋን ወደፊትና ወደኋላ ገፋሁ፣ ፊትና ኋላዋን እየተጫንኩ አወዛወዝኳት። ከክሪክ የወረደ ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ ስለሚይዝ፣ ካልተንከባለለ መኪናው ከልኩ በላይ ቆሞ ይቀራል። የለካሁትም ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ነው፤ ከመሬት ቢለካ የጎማው ማለቅና የአየሩ ማነስ ልኩን ያዛባዋል።

መጀመሪያ የፊት ግራ 34.1፣ የፊት ቀኝ 34.3፣ የኋላ ግራ 34.6፣ የኋላ ቀኝ 34.5 ሴንቲሜትር ነበር። ከእናንተ ስትመለስ በዚያው ቅደም ተከተል 36.4፣ 36.2፣ 36.6 እና 36.3 ሆነ። ሁለት ሳምንት ነድቻት የወረደችው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ምክንያቱን ባለሙያ ስለሆኑ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ግን ልጆቹ እንዲያነቡት ልጻፈው። ጎሚኒው ከውስጡ ካለው ብረት ጋር የተጣበቀ ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ያ ብረት ይታሰራል፣ ከዚያ በኋላ ብራቾው ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠማዘዘው ጎሚኒው ነው። መኪናዋ ተሰቅላ፣ ጎማዎቿ ተንጠልጥለው ቡሎኑ ከጠበቀ፣ ወርዳ ስትቆም ጎሚኒው ገና ሳትነዳ ተጠምዝዟል። እንደ ተጨማሪ ሞላ ሆኖ ወደ ላይ ይገፋታል፣ ያለ ዕድሜውም ይቀደዳል። ይህንን ለማረጋገጥ አራቱንም ጎማ ጥርብ እንጨት ላይ አቁሜ፣ የፊት ግራውን የታች ብራቾ ቡሎኖች ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌ አላላኋቸው። ጓ! ብላ ወረደች፤ ስለካት 35.2። አንድ ብራቾ ብቻ ነው የነካሁት።

ከሥሯ ስገባ ደግሞ የባሰውን አየሁ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር በወለሉ ርዝመት የሚሄደው ሸንተረር አንድ ክንድ ያህል ተጨፍልቋል፤ የክሪኩ ክብ ራስ ከነጥርሱ ታትሞበታል። ምንጣፉ ላይ እግሬን ሳሳርፍ እብጠቱ ይሰማኛል። በቀኝ በኩል ያለው የጎን ቆርቆሮ ከንፈርም ወደ ውጭ ታጥፏል። ሊፍቱ እንቢ ሲላቸው ክሪኩ የደረሰበት ቦታ ሁሉ ላይ እንዳነሱባት ግልጽ ነው። ያ ሸንተረር ስስ ቆርቆሮ ነው፣ መኪና አይሸከምም። ቀለሙ በተሰነጠቀበት በኩል በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ገብቶ ዝገቱን እንደሚጀምረው እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የምጠይቀው ይህ ነው። የጎሚኒዎቹ ቡሎኖች በሙሉ ላልተው፣ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ እንደገና ይጥበቁ። ቁመቷ አራቱም ጋ ከተለካ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) ይሠራላት፤ ቁመት ሳይስተካከል የሚሠራ አላይመንት ዋጋ የለውም። ሸንተረሩና ከንፈሩ በእናንተ ወጪ ቀንተው ቀለም ይቀቡ። ለእጅ ሥራ ከከፈልኩት 640 ዶላር ግማሹ ይመለስልኝ።

ስትነሳም ከፊት ከሞተሩ ሥር በሚያቋርጠው ወፍራም ብረት፣ ከኋላ በዲፈረንሻሉ ቤት ትነሳ። ከተነሳች በኋላ ደግፎ የሚያቆማት ስታንድ የሚቆመው በጎን ከንፈሩ ላይ በተቆረጡት ሁለት ምልክቶች መካከል ብቻ ነው፤ ያለ ስታንድ ማንም ከሥሯ እንዳይገባ። የእጅ ፍሬኗ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሚይዝ፣ ኋላዋ ሲነሳ የፊት ጎማዎቿ ታኮ ይግባላቸው። የክሪኩ ጎማዎች በጠጠር እንዳይያዙ ወለሉ ይጠረግ፤ ክሪክ እያነሳ ካልተንከባለለ ክብ ራሱ ከመኪናዋ ሥር ይንሸራተታል።

ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ይያዙልኝ። ጣውላዎቹን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ቡሎኖቹ ሲጠብቁም ቆሜ አያለሁ። የታተመውን የክሪክ ራስ የሚያሳዩ አራት ፎቶዎችና የክፍያ ደረሰኙ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል።

ከአክብሮት ጋር
የመኪናዋ ባለቤት