ተኳርፈህ ፍልሰታን እንዳትይዝ

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ብቻ ክረምቱ ሲገባ እንደ ልማዱ ይዟታል።

ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ አክስትህ ከአዳማ መጥታ ነበር። ወሬህን የጀመረችው ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። «ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል። ሰኞ እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ የዕለቱን ዳዊት ሳይደግም ሥራ አይሄድም» አለችኝ። ቀጥላ ግን ከእህትህ ጋር ከፋሲካ ወዲህ እንደማትነጋገሩ ነገረችኝ። አንድ ግቢ ውስጥ! እሷ ስትወጣ አንተ በርህን ትዘጋለህ አሉ። በ14,000 ብር።

ልጄ፣ ተኳርፈህ ፍልሰታን እንዳትይዝ።

ብሩን አላጣጥልም፤ ለፍተህ ያገኘኸው ነው። እሷም አጥፍታለች። ደውዬ የምላትን ብያታለሁ።

የአጎትህን ነገር ታውቃለህ። ግን የምታውቀው የአጥሩን ጠብ ነው፤ ይህን ነግሬህ አላውቅም። በተኳረፍንባቸው ስድስት ዓመታት አንድም ቀን ጸሎት አላስታጎልኩም። ጠዋት ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። «ከመ ንሕነኒ ንኅድግ ለዘአበሰ ለነ»፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል የምትለዋ ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ይወርዳል። ሳይታወቀኝ ነው። እናትህ ጓዳ ሆና ትሰማኝ ነበርና አንድ ቀን «እዚያች ጋ ስትደርስ ለምን ትቸኩላለህ?» አለችኝ። ተቆጣኋት።

በመጨረሻው ዓመት አንድ እሑድ ገብርኤል ሳስቀድስ አጎትህ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሰው ስለበዛ ይሆናል፤ አስቦበትም ይሆናል፤ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ሲል ሰዉ ግራና ቀኙን እጅ ይነሣሣል። እኔ ወደ ቀኝ ዞሬ እጅ ነሣሁ። ወደ ግራ አልዞርኩም። ግን በዓይኔ ጥግ አይቼዋለሁ፤ ነጠላውን በደረቱ ላይ ሰብሰብ አድርጎ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። እንደ ጎነበሰ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀና አለ።

ጥቅምት ላይ ቀበርነው።

ከቀብሩ በኋላ አሞራ ገደል ሄጄ ሐይቁ ዳር ብቻዬን ቆምኩ። ድምፄ የሚወርድባትን ያቺን ቃል ጮክ ብዬ አልኳት። ለማን? ንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጡኝ፤ ጨረስኩት። አሁንም ግን ዲያቆኑ ያን ሲል መጀመሪያ የምዞረው ወደ ግራ ነው።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በየዕለቱ ይቀደሳል፤ ያ ቃል በየቀኑ ይነገርሃል። ወንጌሉም መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ነው የሚለው። ማቴዎስ 5 ላይ 23ንና 24ን ቀስ ብለህ አንብበው። ዳዊቱን ተው አላልኩህም፤ እንዳታስታጉለው። ብቻ ነገ ዳዊትህን ከመክፈትህ በፊት የእሷን በር አንኳኳ። የምትለው ከጠፋህ «ቡና አለ?» በላት። የብሩን ነገር የዚያን ዕለት አታንሳ። ደግሞ እሷ ትምጣ እንዳትለኝ። እኔም እንደዚያው ስል ነው ስድስት ዓመት ያለፈው።

ጨጓራህን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ስለ ጾሙ ሰዓት የሚሉህን አድርግ። የኔ ጌታ፣ በዚህ ላይ እልህ አትጋባ። መድኃኒቱንም እንዳትተው።

ቅዳሜ በሚመጣው መኪና ዕቃ ልኬያለሁ። ሾፌሩ ይደውልልሃል፤ ስልክህን እንዳትዘጋ። ጋቢህ ታጥቦ ተልኳል። በሶም አለ፣ ለጾሙ። እናትህ ለሁለት ልትከፍለው ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኳት። በአንድ ላስቲክ ነው ያለው፤ የሁለታችሁ ነው።

ተኳርፈህ ፍልሰታን እንዳትይዝ።

አባትህ
ሐዋሳ፣ ሐምሌ 23