የቲያትር ክበብ ዘገባ፦ አንድ ተዋናይ በሦስት ርቀት

ክበባችን የዘንድሮን ዓመት የዌልሱን ተዋናይ የማይክል ሺንን ሥራዎች ሲያጠና ከረመ። ሺን በ1969 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኒውፖርት ተወልዶ ያደገው በብረት ፋብሪካዋ በምትታወቀው ፖርት ታልቦት ነው። ዝነኛው ተዋናይ አንተኒ ሆፕኪንስም የዚያው አካባቢ ልጅ ነው።

የመረጥነው ሁለገብነቱን አይተን ነው። በ2003 በአንድ ፊልም የተኩላ ሰዎች አለቃ፣ በሌላው የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውን ቶኒ ብሌርን ሆኖ ቀረበ። ብሌርን ከዚያ በኋላም በ2006 እና በ2010 ተጫውቶታል። መልኩ ግን እምብዛም ብሌርን አይመስልም፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ጥያቄያችንም ይኸው ነበር። የታወቀ ሰው ስናጠና መጀመሪያ ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍተን እናያለን፦ እጁ የት ያርፋል? ከመናገሩ በፊት ይተነፍሳል ወይስ እየተናገረ? ቀጥሎ ምስሉን ትተን ድምፁን ብቻ እንሰማለን። ከተመዘገበው ሁሉ ሁለት ምልክት ብቻ ይወሰዳል። ሰባት ስምንት የደረደረ ተማሪ ታዳሚውን ያስቃል፤ የሳቀ ታዳሚ ግን ምን እንደተባለ አይሰማም።

ብዙውን ጊዜ የወሰደው ስለ ፍሮስትና ኒክሰን የተጻፈው ተውኔት ነው። ጋዜጠኛው ዴቪድ ፍሮስት በ1977 ከቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከኒክሰን ጋር ያደረገውን ቃለ መጠይቅ የሚያሳይ ሲሆን ሺን ፍሮስትን፣ ፍራንክ ላንጄላ ኒክሰንን ሆነው በ2006 ለንደን ውስጥ 250 ያህል ሰው በሚይዝ ትንሽ ቲያትር ቤት ጀመሩት፤ በ2008 ሁለቱም በዚያው ሚና ፊልም ላይ ቀረቡ። እኛም አንድ ገጽ ቃለ ተውኔት ከ15 እርምጃ፣ ከ3 እርምጃ፣ በመጨረሻም ክንድ ያህል ርቀት ላይ በተያዘ ስልክ ፊት ሞከርን።

ከሩቅ ሲሆን የሚጠፋው ግሱ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ትንፋሹ ያለቀበት ተዋናይ እሱኑ ይውጠዋል፤ «እዚያ ቤት እሄድ…» ካለ በኋላ «ነበር» ይበል «ይሆናል» ኋላ ወንበር ላይ ያለ ሰው አያውቅም። መፍትሔው ከግሱ በፊት በእርሳስ አጭር መስመር አስምሮ እዚያ መተንፈስ ነው። ስልኩ ፊት ችግሩ ይገለበጣል፦ ከ15 እርምጃ ደህና የነበረ ቅንድብ ስክሪኑን ይሞላል፣ ዓይንም ሳይታወቅ ሌንሱን ሰርቆ ያያል። ስለዚህ የሚያናግሩት ሰው ከሌንሱ ጎን፣ በዓይን ከፍታ ይቆማል።

በ2011 ሺን በፖርት ታልቦት ጎዳናዎችና ባሕር ዳርቻ ከነዋሪዎቹ ጋር ለ72 ሰዓት ያሳየውን የሕማማት ትርኢትም በፎቶ አየን። የዚያ ዓመት ፋሲካ ከእኛው ጋር በአንድ ቀን ነበር የዋለው። መንገድ ላይ የሚሠራ ቲያትር ራሱን የቻለ ትምህርት ስለሆነ ብዙ አልገፋንበትም።

የመጨረሻው ጥናታችን በ2024 የተጫወተው አኑሪን ቤቫን ነው፤ የብሪታኒያን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በ1948 ያስጀመረው የቀድሞ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ። ሺን ከልጅነት እስከ ሞት የሚጫወተው ፒጃማ ለብሶ ነው፤ ስለዚህ ዕድሜን የሚናገረው ልብሱ ሳይሆን ጉልበቱና ወገቡ ነው። ቤቫን በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር፤ የሚይዘውን ቃል በሌላ ቃል እየተካ ያመልጥ ነበር። እንዳገኙት መንተባተብ ሐሰት ስለሚመስል እያንዳንዱ ተማሪ የሚንተባተብበትን አንድ ፊደል ብቻ መረጠ። «ም»ን የመረጠችው ተማሪ «ምክንያቴ» የሚለውን በ«ሰበቤ» ተካችው፤ ወዲያው ተናጋሪዋ ጥፋተኛ መሰለች። ቃሉን ሳንመልሰው እንዲሁ ተጫወትነው።