ግልጽ ደብዳቤ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፦ የጤና መድን ገበያን ውድድር በተመለከተ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ አዘዞ ከሚገኝ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ሲሆን፣ የሠራተኞቻችንን የቡድን ጤና መድን በየዓመቱ የምገዛው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ከሦስት የመድን ድርጅቶች የሰበሰብኩትን ፕሮፎርማ በኮሚቴ ፊት ስንከፍት፣ የአንድ ሠራተኛ ዓመታዊ አረቦን (ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ) በሦስቱም ላይ እስከ ሳንቲሙ እኩል ነበር፤ ለወሊድ የተቀመጠው ጣሪያም እንዲሁ። ገንዘብ ያዣችን ወረቀቶቹን ደራርቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ካየ በኋላ፣ «አንዱን ሦስት ጊዜ ነው የጻፉት» አለ።

የዋጋ መመሳሰል ብቻውን የመመሳጠር ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ተመሳሳይ ስጋት የሚያሰሉ ድርጅቶች ተቀራራቢ ዋጋ ላይ ሊደርሱ ይችላሉ፤ እኩል ሲሆን ግን ሰነድ የማስቀረብ ሥልጣን ያለው አካል ሊያጣራው ይገባል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ተፎካካሪዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑ፣ በጨረታ እንዳይመሳጠሩና ገበያ እንዳይከፋፈሉ ደንግጓል፤ የማስፈጸሙ ሥራም በ2014 ዓ.ም. የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሲፈርስ ለሚኒስቴርዎ ተላልፏል። ሆኖም አቤት ያልኩበት ቢሮ «መድን የብሔራዊ ባንክ ጉዳይ ነው» ብሎ መለሰኝ። ባንኩ ፈቃድ ይሰጣል፣ ድርጅቱ ካሣ የመክፈል አቅም እንዳለውም ይቆጣጠራል፤ ድርጅቶቹ በእውነት መወዳደራቸውን የሚያየውስ ማን ነው?

እንዲህ ያለው ክፍተት በአሜሪካ ብዙ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው የማካረን-ፈርጉሰን ሕግ፣ መድንን ግዛቶች ይቆጣጠሩታል በሚል ዘርፉን ከፌዴራሉ የፀረ ሞኖፖል ሕግ በአብዛኛው ነፃ አድርጎት ነበር፤ ለጤና መድን ይህ ከለላ የተነሣው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በብሉ ክሮስ ብሉ ሺልድ የጋራ ስም የሚሠሩ የጤና መድን ኩባንያዎች አካባቢ ተከፋፍለው ከመወዳደር ተቆጥበዋል ተብለው ተከሰው፣ ጥፋቱን ሳያምኑ በመጀመሪያ ለመድን ገቢዎች 2.67 ቢሊዮን፣ ኋላም ለሐኪሞችና ለሆስፒታሎች 2.8 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ካሣው ለሁለቱም ወገን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ መድን ድርጅት ለእኛ ሻጭ ሲሆን ለሐኪሙ ደግሞ የአገልግሎቱ ገዢ ነውና።

ይህን ሁለተኛውን ወገን እኛም አይተነዋል። ባለፈው ክረምት የአንድ በያጃችን ባለቤት ምጥ ይዟት ሌሊት በባጃጅ ለቤቷ የሚቀርበው ክሊኒክ ስትደርስ፣ ክሊኒኩ የሚሠራው ከሌላ መድን ድርጅት ጋር ብቻ በመሆኑ ካርዷ አልሠራም። ባሏ ከጎረቤት ተበድሮ እስኪመለስ ድረስ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቀች።

ስለዚህ ሚኒስቴርዎና ብሔራዊ ባንክ በጤና መድን ውድድር ላይ የሚቀርብ አቤቱታን ማን እንደሚመረምር በጋራ በይፋ እንዲያሳውቁ፣ በመድን ድርጅቶችና በጤና ተቋማት መካከል ያሉት «ከእኔ ጋር ብቻ» የሚሉ ውሎችም ተሰብስበው በአዋጁ እንዲመዘኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ማኅተማቸው እንዳለ በእጄ ናቸው፤ መርማሪ ከተመደበ ዋናውን ይዤ አዲስ አበባ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የወርክሾፑ የሠራተኛ ጉዳይና ግዥ ኃላፊ፣ አዘዞ፣ ጎንደር